አየሩን መግራት፦ የመኪና አካል ቀለም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግቢ

የተጫረ ፓራውልት፣ ተገጭቶ የተቃና ፓራፋንጎ ወይም የዛገ ቸርኬ እንደ አዲስ እንዲቀባ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ቀለም፣ ቀለሙን አድቅቆ የሚበትን የታመቀ አየር፣ የደቀቀው ቀለም አቧራ ሳይቀላቀለው የሚያርፍበት ቦታ። ቀለሙ ከሱቅ ይገዛል። የቀሩት ሁለቱ ግን በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ብዙ ጊዜ በእጅ ካለ ዕቃ ተገጣጥመው የሚሠሩ ናቸው። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕሬሰር፣ ከከባድ መኪና የተፈታ የአየር ታንከር፣ ጥቂት የባሕር ዛፍ እንጨትና ላስቲክ ተደማምረው የቀለም ቤት ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የተበላሸ ሥራ ሲታይ ጥፋቱ ከቀለሙ ይልቅ የአየሩ ሆኖ ይገኛል። አየሩ ደካማ፣ እርጥብ፣ ዘይት የነካው ወይም አቧራማ ከሆነ ውድ ቀለምም አያድነውም።

መጠገን ከመለወጥ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ኤክሳይዝ ታክስ የጣለው አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጅ ያለችው ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባት። ባጃጅና ሚኒባስም ከጭረት አይድኑም። መላ መኪና መቀባት የባለሙያ ጋራዥ ሥራ ነው፤ አንድ ስፖኪዮ ወይም አንድ ፓራውልት ግን ከባትላሜራ ቤት ወጥቶ ግቢ ውስጥ ሊቀባ ይችላል።

በአየር የመርጨት ዘዴ የተጀመረው ከሕክምና ነው። አለን ዴቪልቢስ የተባለ በአሜሪካ የቶሊዶ ከተማ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የጉሮሮ መድኃኒት የሚነፋ መርጫ ሠራ። ልጁ ቶማስ ያንኑ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1907 ለቀለም አዋለው። በዚያን ጊዜ መኪና በብሩሽ ይቀባ ስለነበር ቀለሙ ተደራርቦ እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ቶሎ የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ሲያወጣ ብሩሹ ሊከተለው አልቻለም፤ መርጫው የግድ ሆነ። በመለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ባለ ቆርቆሮ ስፕሬይ ከዚያ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1949 በኢሊኖይ ግዛት በኤድዋርድ ሲሞር የተሠራ ነው።

ማንኛውም መርጫ የሚመዘነው ጠብታውን ምን ያህል እንደሚያደቅ ነው። ለመኪና አካል ጠብታው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ማነስ አለበት። በመቂና በባቱ ዙሪያ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ላይ የሚታዘለው የኬሚካል መርጫ ለዚህ የማይሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። እሱ ፈሳሹን በቀዳዳ ገፍቶ ያወጣል እንጂ በአየር አይበትነውም፤ ጠብታውም መድኃኒቱ በነፋስ እንዳይወሰድ ሆን ተብሎ ትልቅ የተደረገ ነው። ቀለም ቢገባበት ቆርቆሮው ላይ አርፎ ይወርዳል። የተባይ መድኃኒት ቅሪት ሲጨመርበት ደግሞ ለቀቢውም ለቀለሙም ጠንቅ ነው። የዱሮው በእጅ የሚገፋ ፍሊት በተቃራኒው በአየር የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ግፊት መሃል ስለሚያቋርጥ ዥንጉርጉር ያደርጋል። ከመኪና ሆድ በታች አንቲረስት ለመርጨት ካልሆነ አይመከርም።

ባለ ቆርቆሮው ስፕሬይ ለትንሽ ጭረት ከሁሉም ይቀላል። ጉድለቱ ብዙው ሃርደነር (ማጠንከሪያ) የሌለው መሆኑ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ለነዳጅ ታንከር አፍ አካባቢ አይሆንም። ቆርቆሮው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። በመተሐራ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ከፓራብሬዛው ሥር የተረሳ ስፕሬይ እዚህ ሙቀት ላይ ለመድረስ ብዙ አይቆይም።

በከተማው ለቀቢ በጣም ቅርብ የሆነው የታመቀ አየር የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ነው። ጎማ ለመንፋት የተገዛ ማሽን ለቀለም ጉልበቱ በቂ ነው፤ የሚያሰጋው ጽዳቱ ነው። ፒስተኑ ያረጀ ኮምፕሬሰር ዘይት ከአየሩ ጋር ይተፋል፤ ጎማ አይጎዳውም፣ ቀለም ግን ይጎዳዋል። የሚፈተነው በቀላሉ ነው። ቱቦው ነጭ ወረቀት ላይ ለአንድ ደቂቃ ይነፋል፤ ወረቀቱ ላይ ቢጫማ ወይም ወዛም ነጥብ ከታየ ያ አየር ያለ ማጣሪያ ለቀለም አይሆንም።

የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ሌላ ጠባይ አለው። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ በቤት መብራት ይሠራል፣ በርካሽም ይገኛል። ውስጡ ያለው ጋዝ በፍሪጅ ጠጋኝ መውጣት አለበት። በፍሪጅ ውስጥ እያለ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ ይመለስ ነበር፤ ተፈትቶ አየር ሲያምቅ ግን ዘይቱ ከአየሩ ጋር እየወጣ ስለማይመለስ በየጊዜው ይሞላለታል። ትልቁ ችግር መጠኑ ነው። ሙሉ መጠን ያለው የመኪና ቀለም መርጫ በደቂቃ ከ200 እስከ 350 ሊትር አየር ይፈልጋል፤ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር የሚሰጠው ከ20 እስከ 40 ሊትር ያህል ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ታንከሩ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ታንከር እስከ 8 ባር ሞልቶ እስከ 3 ባር ሲወርድ 250 ሊትር አየር ያወጣል። ይህ ለትልቁ መርጫ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በደቂቃ 100 ሊትር ለሚበቃው ትንሹ መርጫ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። መልሶ ለመሙላት ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ ቢበዛ አንድ ቸርኬ ይቀባል። ኮፈን አይሞከርም፤ ግማሹ ላይ አየር ያልቅና ዳሩ ደርቆ መጋጠሚያው ለዘለዓለም ይታያል።

የአካባቢው ከፍታም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ታንከሩን ለመሙላት ወደ ሩብ የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ይወስድበታል። መመሪያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁልጊዜ ትንሽ የተጋነነ ነው።

ታንከሩ ላይ መቀለድ አይቻልም። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር በራሱ አይቆምም፤ ካልተገታ ከ20 ባር በላይ ሊገፋ ይችላል። የሚመረጠው ከከባድ መኪና ፍሬን የተፈታ፣ ለታመቀ አየር ተብሎ የተሠራ ታንከር ነው። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደርን ቀዶ መበየድ ውስጡ በቀረው ጋዝ የተነሳ ሰው የሚገድል ሥራ ነው። ታንከሩ ላይ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ፣ በልኩ ሲደርስ መብራት የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ ማጥፊያው ቢከዳ በራሱ የሚተነፍስ የደኅንነት ቫልቭ መኖር አለባቸው። አሮጌ ታንከር በአየር አይፈተንም። ውሃ ሞልተው ከሚሠራበት ግፊት በአንድ እጥፍ ተኩል በእጅ ፓምፕ ይገፉታል፤ ቢሰነጠቅ ውሃው ይፈሳል እንጂ ቁራጭ ብረት አይበርም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር የታመቀ አየር እየገፋው መነሳት ስለማይችል ያጓራና ይሞቃል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። መፍትሔው በኮምፕሬሰሩና በታንከሩ መካከል አየር የማይመልስ ቫልቭ አድርጎ፣ ከኮምፕሬሰሩ እስከ ቫልቩ ያለውን ቱቦ ከመነሳቱ በፊት ማስተንፈስ ነው።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይጥላል። ያ ውሃ ቱቦው ውስጥ ከጠበቀ መጨረሻ የሚወጣው በመርጫው አፍንጫ፣ በቀለሙ መሃል ነው። የተለመደው ዘዴ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን አየር በተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ውሃው ታንከሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከታች ባለው ቧንቧ ይለቀቃል። ከመርጫው አጠገብ ደግሞ ማጣሪያ ይገጠማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቦታው ነው፤ እዚህ ላይ አዳማ ከሌሎች ከተሞች ትለያለች። በከተማዋ ዳርቻ ባሉት ኮረብታዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ባለ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 ደግሞ ባለ 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት የሚያመነጭ ነፋስ ለቀቢ ጠላት ነው። አፈሩም ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ አመድና ቀላል ድንጋይ የተቀላቀለበት ስለሆነ በትንሽ ነፋስ ይነሳል። በበጋ ወራት የሚሻለው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘው ብረት ላይ የተቀመጠው ጤዛ ጠፍቶ ነፋሱ ገና ሳይነሳ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው መሃል። ከቀትር በኋላ ግቢ ውስጥ መቀባት አቧራ መለጠፍ ነው።

ከነፋስ የሚከልለው ቤት ከአራት የባሕር ዛፍ ምሰሶና ከወፍራም ላስቲክ ይሠራል። አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ዙሪያውን መንቀሳቀስ መቻል አለበት። መሬቱ በውሃ ይረጫል። ማራገቢያው ከውጭ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ እንዲነፋ ይደረጋል፤ የቲነር ትነት የሞላውን አየር በሞተሩ በኩል መሳብ እሳት መጥራት ነው። በመግቢያው ላይ ስፖንጅ ይወጠራል። አሮጌ ጋቢ ወይም ነጠላ መወጠር የተለመደ ቢሆንም የጥጥ ብናኙ እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መውጫው ከመሬት አጠገብ፣ ከመግቢያው በተቃራኒ ይሆናል።

ዝግጅቱ ከመርጨቱ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀቢ የሚለየውም እዚህ ነው። ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል። ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላና መጀመሪያ በ80፣ ከዚያ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ፕራይመር ተረጭቶ ሲደርቅ በ400 ወይም በ600 ውሃ እየነካ ይፈገፈጋል። በውሃ መፈግፈጉ ሌላም ጥቅም አለው። በ2010 ዓ.ም. የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ቢከለክልም፣ ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ አካል ብናኙ መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ብናኙን ይይዘዋል።

ውሃው ራሱ ግን በስምጥ ሸለቆ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙው የጉድጓድ ውሃ ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ በወንጂ የጥርስና የአጥንት ጉዳት ያስከተለው ፍሎራይድ በሰፊው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ቆርቆሮ ላይ በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ነጭ ጨው ይጥላል። ያ ጨው ከቀለሙ ሥር ሲቀር በክረምት እርጥበት ይስብና ከወራት በኋላ ቀለሙን በትናንሽ ፊኛ ያነሳዋል። ስለዚህ በዝናብ ወይም በተጣራ ውሃ አለቅልቆ ሳይደርቅ በጨርቅ ማበስ ይሻላል። ፓራውልት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልቀደመው የመጀመሪያው የመኪና እጥበት በግፊት ውሃ ይልጠዋል።

ከቀለም ዓይነቶች ናይትሮ ለጀማሪ ይቀላል፤ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ቢበላሽ ይፈገፈጋል። ጉዳቱ በፀሐይ መደብዘዙና በቤንዚን መልቀቁ ነው። እንደ ንፋስ ስልክ ያሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ሲንተቲክ ርካሽና ወፍራም ነው፤ ግን ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ በአዳማ አቧራ ፊት የሚያጓጓ አይደለም። ሃርደነር የሚጨመርበት አክሪሊክ ከሁሉም ይጠነክራል፣ ከሁሉም በላይም ሳንባ ይጎዳል። ለማቅጠን በሱቅ የሚሸጠው ቲነር እንጂ ቤንዚን አይሆንም፤ ቤንዚን ናይትሮን በደንብ አያሟሟውም፣ ትነቱም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ውፍረቱን ለመለካት ሥሩ ላይ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ ተሞልቶ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ መፍሰስ አለበት። የመኪናው የቀለም ኮድ በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈን ሥር ባለች ትንሽ ብረት ላይ ይገኛል፤ በቶዮታ 040 የተለመደው ነጭ ነው። ነጭ ማመሳሰል ይቻላል። ብርማ ቀለም ግን ከግቢ ሥራ ቢቀር ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያሉት የብረት ቅርፊቶች በአየሩ ግፊትና በቀለሙ እርጥበት መጠን ስለሚተኙ ደካማ ኮምፕሬሰር የረጨው ፓራፋንጎ ከበሩ ጋር አንድ ቀለም አይመስልም። መላውን መኪና በሌላ ቀለም ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ቀለሙ ሊብሬ ላይ መጻፉን ማስታወስ ይኖርበታል።

አንድ የስፖኪዮ ሽፋን ሲቀባ የሚከተለው ይታያል። ሽፋኑ በሽቦ ይንጠለጠላል፣ በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይታበሳል። መርጫው መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይሞከራል፤ የተረጨው ቅርጽ ረዘም ያለ እንቁላል መስሎ ዳሩ እኩል ከሆነ አየሩ ልክ ነው። መርጫው ከሽፋኑ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይያዛል። ምላጩ የሚሳበው ከዳሩ ውጭ ነው፤ እጁ ከሽፋኑ ጋር ትይዩ ሆኖ ያልፍና በሌላው ዳር ከወጣ በኋላ ይለቀቃል። የእጅ አንጓ ብቻ ከዞረ መሃሉ ወፍሮ ዳሩ ይሳሳል። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍናል። የመጀመሪያው ቅብ ስስ ነው፣ ከሥሩ ፕራይመሩ ይታያል፤ ጀማሪ እዚህ ላይ መታገስ አቅቶት አክርሮ ይረጭና ቀለሙ እንባ አውጥቶ ይወርዳል። ቅቡ ብርሃኑ ደብዘዝ እስኪል ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል። በመጨረሻ ክሊር (ግልጽ የላይ ቅብ) የሚረጭ ከሆነ ሁለት ቅብ ይበቃል።

የሚታዩት ጉድለቶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ቀለሙ ደርቆ ሲዳሰስ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ወፍራም ነበር ወይም የአየሩ ግፊት አነሰው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጠብታው አየር ላይ እያለ ይደርቅና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ እዚህ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መምረጥ ወይም ጠዋት መቀባት ይረዳል። በሐምሌ እርጥበት ናይትሮ ላይ ነጭ ጭጋግ ይወጣል፤ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት እዚያው ውሃ ይሆናል። ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ከተከፈቱ ዘይት ወይም ሲሊኮን አለ ማለት ነው፤ ጎማና ዳሽቦርድ የሚያብለጨልጭ ቅባት አጠገብ ከተረጨ ይህ የሚጠበቅ ነው።

እሳትና ትንፋሽ ለየብቻ ይታያሉ። የቲነር ትነት በአየር ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይቀጣጠላል፣ ከአየር ስለሚከብድም በመሬት ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል። ቀለም በሚረጭበት ግቢ በረንዳው ላይ ቡና ለማፍላት ከሰል ከተያያዘ ትነቱ ወደ ምድጃው ይደርሳል፤ ቀለም በሚረጭበት ቀን ቡናው ጎረቤት ይፈላል። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ሪሌ ሲያነሳና ሲጥል ብልጭታ ስላለው ከነታንከሩ ከላስቲኩ ውጭ፣ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ከኮሮና ዘመን የቀረው የጨርቅ ወይም የሕክምና ማስክ ጠብታ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ትነት አያስቆምም፤ ለናይትሮና ለሲንተቲክ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ሃርደነር ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ግን ሌላ ነገር ነው። ሽታው ሳይታወቅ አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ ያስቆጣው ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል። ከውጭ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚሰጥ መሣሪያ በሌለበት ግቢ ሃርደነር ያለው ቀለም አይረጭም፤ ያ ሥራ ለጋራዥ ይተዋል።

የተቀባው አካል ናይትሮ ከሆነ በማግሥቱ ይገጠማል። ሲንተቲክ ሳይነካ ቀናት፣ ሳይታጠብ ሳምንታት ይፈልጋል። ክሊር የተረጨበት ሙሉ በሙሉ ሲጠነክር በ1500 ከዚያም በ2000 ብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ በፖሊሽ ይታሻል፤ የተለጠፉ የአቧራ ፍሬዎች በዚህ ይጠፋሉ። መርጫው የሚታጠብበት ቲነር በጠርሙስ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ሲረጋ ከላይ የጠራው ለሌላ እጥበት ይሆናል። ቦይ ውስጥ መድፋት ግን በዚህ አካባቢ የተለየ ክፋት አለው። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ቡልቡላም አቢያታ ላይ ያበቃል። የተደፋው ሁሉ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ይቆያል። ሲንተቲክ የተጠረገባቸው ጨርቆች ተከምረው ከተቀመጡ በውስጣቸው ያለው ዘይት ከአየር ጋር እየተዋሃደ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪትም ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። እነዚህ ጨርቆች ውሃ በሞላበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይደረጋሉ፣ ወይም አንድ በአንድ ተዘርግተው ከቤት ውጭ ይደርቃሉ።